አራት ሆነን ደቡብ ምሥራቅ እስያን ልንዞር ነው፤ ሳንነሳ ግን ልንጣላ ነው

ባሕር ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁም።

አራት ጓደኛሞች ነን። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ባንኮክ ገብተን ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ለመመለስ አስበናል። የጀርባ ቦርሳ ጉዞ ነው፤ ሆስቴል፣ ባቡር፣ ጀልባ፣ የመንገድ ዳር ምግብ። አንዳችንም ያንን አካባቢ ረግጠነው አናውቅም።

ቲኬት ሳንቆርጥ ጭቅጭቁ ተጀመረ። አንዷ ጓደኛዬ ዳይቪንግ (ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ካልተማርኩ ብላለች፤ ለእሷ ጉዞ ማለት ደሴት ነው። የአክስቴ ልጅ ታሪክ ወዳጅ ነው። ካምቦዲያ ያሉትን የአንኮር ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች በአንድ ቀን አይተን እንለፍ ስንለው አኮረፈ። አራተኛው ልጅ በጀቱ ጠበብ ይላል። አፍ አውጥቶ ባይናገርም የፌሪ (የመሻገሪያ ጀልባ) እና የሽርሽር ዋጋ በተነሳ ቁጥር ዝም ይላል። እኔ ሁሉንም ላስማማ ብዬ ይህን ዝርዝር አወጣሁ፦

ከታይላንድ ባንኮክና ቺያንግ ማይ፣ ከላኦስ ሉአንግ ፕራባንግና ቫንግ ቪየንግ፣ ከቬትናም ሃኖይ፣ ሆይ አንና ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ከካምቦዲያ ሲየም ሪፕ (አንኮር አጠገብ ያለችው ከተማ)፣ ከዚያ በየብስ ወደ ባንኮክ ተመልሰን ኮ ታኦ፣ ከማሌዥያ የፐርሄንቲያን ደሴቶችና ፔናንግ፣ ሲንጋፖር፣ ከኢንዶኔዥያ ባሊ፣ በመጨረሻም የጊሊ ደሴቶች።

ይህ ሁሉ በሁለት ወር ይሆናል? ካልሆነ የቱን ልቁረጥ? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አራት የተለያየ ፍላጎት ያለን ሰዎች ሆድና ጀርባ ሳንሆን እንዴት እንመለስ? በቡድን የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የሐዲድ ወዳጅ፦

እኔ ስለ ባቡሩ ብቻ ልበል፤ ሌላውን የሚያውቁ ይጨምሩበታል።

ከባንኮክ ወደ ቺያንግ ማይ የሌሊቱን ባቡር ያዙ። ማታ ትሳፈራላችሁ፣ ጠዋት ሰሜን ትነቃላችሁ፤ የአንድ አዳር ኪራይም ይተርፋችኋል። ሁለተኛ ማዕረግ መኝታ በቂ ነው። የታችኛው አልጋ ሰፋ ይላል፣ መስኮትም አለው። የላይኛው ጠበብ ቢልም ዋጋው ቀነስ ይላል። አየር ማቀዝቀዣው ያንቀጠቅጣል፤ ሹራብና ካልሲ ከትልቁ ቦርሳ ሥር አይቀበሩ። ባቡር ላይ አልኮል ክልክል ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የቆዩ ጽሑፎች ሁዋ ላምፖንግ ጣቢያ ሂዱ ይሏችኋል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ አብዛኞቹ የረጅም ርቀት ባቡሮች የሚነሱት ባንግ ሱ ከሚገኘው ክሩንግ ቴፕ አፊዋት ጣቢያ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች ይራራቃሉ። በተሳሳተው በር ከደረሳችሁ ባቡሩ አይጠብቃችሁም።

ላኦስ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የተከፈተው ባቡር አለ። ከዋና ከተማዋ ከቪየንቲያን ሉአንግ ፕራባንግ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ። በቆርቆሮ የሚረጭ ነገር፣ ዲዮዶራንትም ሆነ የትንኝ መከላከያ፣ ይወሰድባችኋል። በቅባት መልክ የተሠራውን ያዙ።

ጓዜ ቀላል፦

እህቴ ባሕር ማዶ፣ ዝርዝርሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የማንንም ልብ ላለመስበር ብለሽ የሁሉንም ምኞት ጨምረሽበታል። ሐሳብሽ ደግ ነው። ግን ከዚህ ውስጥ ግማሹን ዝናቡ ይሰርዝባችኋል።

እስቲ ካርታውን ትንሽ እጠፊውና ስለ ዝናብ እናውራ። ብዙ ሰው ያ አካባቢ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያለው ይመስለዋል። ታይላንድ ብቻዋን እንኳ ሁለት ባሕር አላት። በምዕራብ በኩል የአንዳማን ባሕር ነው፤ ፉኬት፣ ክራቢ፣ ኮ ላንታ፣ ኮ ሊፔ እዚያ ናቸው። እዚያ የሚዘንበው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ነው። በምሥራቅ በኩል ባሕረ ሰላጤው አለ፤ ኮ ሳሙይ፣ ኮ ፋንጋን፣ ኮ ታኦ። እነዚህ ዶፉን የሚቀበሉት ልክ እናንተ በምትደርሱበት ሰሞን ነው። ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አዘል የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ባሕሩ ይናወጣል፣ ፌሪ ይሰረዛል፣ ውሃው ይደፈርሳል። ዳይቪንግ ልትማር የሄደች ልጅ ደመና ስታይ ትውላለች።

ፐርሄንቲያንም የዚሁ ሞንሱን ሰለባ ነው። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ማረፊያዎቹ አብዛኞቹ ይዘጋሉ፣ ጀልባም እንደልብ አይገኝም። ባሊ በዲሴምበር ይዘንባል፤ በዚያ ላይ የገና ሰሞን ሰዉም ዋጋውም ይከብዳል። ጊሊን እኔ በጣም እወዳለሁ። መኪናና ሞተር የማይገባባቸው ደሴቶች ናቸው፤ በእግር፣ በብስክሌት ወይም በፈረስ ጋሪ ነው የሚኬደው። ግን ደረቁን ወቅት፣ ጁን ወይም ጁላይን ይጠብቁ። ሆይ አን ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር ወንዙ ሞልቶ የድሮው ከተማ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ሃኖይ ሆናችሁ ትንበያውን እዩ። ጥሩ ካልሆነ በቀጥታ ወደ ደቡብ ብረሩ። ጥሩ ከሆነ እስከ ሁዌ በባቡር ውረዱና ከሁዌ ወደ ዳ ናንግ ያለውን ቁራጭ ቀን ላይ ተሳፈሩ። ሐዲዱ ተራራውን ታክኮ ከባሕሩ በላይ ይሄዳል። ከዳ ናንግ ሆይ አን በመኪና ቅርብ ነው።

አንድ ሌላ ነገር። ከሲየም ሪፕ በየብስ ወደ ባንኮክ ያልሽው ላይ አትመኪ። እ.ኤ.አ. በ2025 በታይላንድና በካምቦዲያ መካከል በተቀሰቀሰው ግጭት የየብስ መሻገሪያዎቹ ተዘግተው ነበር። ለዚያ ቁራጭ የአውሮፕላን ገንዘብ ከአሁኑ መድቡ።

እኔ ብሆን መስመሩን እንዲህ አደርገው ነበር። ባንኮክ፣ ቺያንግ ማይ፣ በሜኮንግ ጀልባ ሉአንግ ፕራባንግ፣ በአውሮፕላን ሃኖይ። የአውቶቡሱ መንገድ ቀንና ሌሊት ይፈጃል፤ ወገባችሁን አትቅጡት። ከዚያ ማዕከላዊ ቬትናም አየሩ ከፈቀደ፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ በአውቶቡስ ፕኖም ፔን፣ ሲየም ሪፕ። ከዚያ በርራችሁ ክራቢ፣ ኮ ላንታ፣ ኮ ሊፔ፣ በጀልባ ላንካዊ፣ ፔናንግ፣ ኩዋላ ላምፑር። ኮ ታኦ፣ ፐርሄንቲያን፣ ሲንጋፖር፣ ባሊና ጊሊ ወጡ። ደሴት ፈላጊዋ ግን አልተጎዳችም። የእሷ ደሴቶች ወደ ደረቁ ባሕር ተዛወሩላት እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ።

አብራችሁ እንድትመለሱ ከፈለግሽ በየት በየት እንደምትለያዩ ከአሁኑ ተስማሙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የብዙ ቡድን ጉዞ የሚበላሸው ሰዎቹ ስለማይዋደዱ አይደለም። ቁርስ አብሮ፣ ሙዚየም አብሮ፣ ፋርማሲ አብሮ ሲሆን ነው። መስመሩን እንደ ገመድ፣ የምትገናኙባቸውን ከተሞች ደግሞ እንደ ቋጠሮ አስቢያቸው። በቋጠሮዎቹ መካከል ሁሉም እንደፈለገው ይሂድ። ቋጠሮው ላይ ግን ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የተቆረጠ ይሁን።

ይህን ያየሁት ሜኮንግ ላይ ነው። ከታይላንዷ ቺያንግ ኮንግ ድልድዩን ተሻግረሽ ላኦስ ውስጥ ሁዋይ ሳይ ትገቢያለሽ። ከዚያ ጀልባው ሁለት ቀን ይሄዳል፤ ሌሊቱን ፓክ ቤንግ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ ያሳድራል። ጀልባዋ ረጅምና ጠባብ ናት። ወንበሮቹ ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀሉ ናቸው። ወለሉ ላይ ስላልታሰሩ የፊተኛው ሰው ወደኋላ ሲደገፍ ጉልበትሽን ይገፋሻል። ከኋላ ሞተሩ ጋ የተቀመጠ ሰው ካልጮኸ አይሰማም። በየመንደሩ አሸዋው ላይ ትጠጋለች። አንዲት እናት ሩዝ በጆንያ፣ ጫጩት በቅርጫት ይዘው በጠባቧ ሳንቃ ላይ ሳይደናቀፉ ይወርዳሉ። ልጆች ዳገቱን እየሮጡ ይቀበሏቸዋል። ስልክ ኔትወርክ ይጠፋል። ሰው ከሰው የሚተዋወቀው ያኔ ነው።

ከጎኔ አንዲት የቺሊ ነርስና ሁለት ጀርመናዊ ወንድማማቾች ነበሩ። ካርታ ስንጫወት ዋልን። ፓክ ቤንግ ስንደርስ አብረን እራት በላን፤ ሉአንግ ፕራባንግ ስንደርስ አንድ ቤት አረፍን። ችግሩ የመጣው እዚያ ነው። ታላቅየው በባቡር ቫንግ ቪየንግ ሄዶ በወንዙ ላይ በጎማ መንሳፈፍ ፈለገ። ታናሽየው ወደ ሰሜን፣ ኖንግ ኪያው ወጥቶ ተራራ መውጣት ፈለገ። ቁርስ ላይ ድምፃቸው ከፍ አለ። ማን ማንን እየጎተተ እዚህ እንዳመጣ ተነሳ፤ የቆየ የቤት ቂም ሁሉ ተቆፈረ። ነርሷ ቡናዋን አስቀምጣ «ሁለታችሁም ሂዱ፤ አርብ ማታ የሌሊቱ ገበያ፣ ምግብ የሚሸጥበት ጠባብ መንገድ መግቢያ ላይ፣ አንድ ሰዓት ላይ እንገናኝ» አለቻቸው። በቃ። ሁለቱም ሄዱ። አርብ ማታ ታላቅየው ፀሐይ አቃጥሎት፣ ታናሽየው ጫማው ጭቃ ጠጥቶ መጡ። አንዱ ሌላውን ሳያስጨርስ ሲያወራ አመሸ፤ ሁለቱም የሚያወሩት አዲስ ነገር ነበራቸው። እስከ ፕኖም ፔን ድረስ እንዲህ እየተለያዩና እየተገናኙ ሄዱ። አንድም ቀን ሲጣሉ አላየሁም።

የእናንተ ቋጠሮዎች ሉአንግ ፕራባንግ፣ ሲየም ሪፕ፣ ኮ ላንታና የፔናንጓ ከተማ ጆርጅ ታውን ቢሆኑ ጥሩ ነው። አራቱም በእግር የሚዳረሱ ወይም ትንንሽ ቦታዎች ናቸው። ሰው ሰውን አያጣም። ባንኮክ ወይም ሆ ቺ ሚን ከተማ ላይ ቀጠሮ መያዝ ግን ግማሽ ቀን ትራፊክ ውስጥ መቀመጥ ነው።

ያ ዝም የሚለው ጓደኛችሁስ? ስለ እሱ ነው በጣም ያሰብኩት። ስለ ገንዘብ በግልጽ አውሩ፤ እሱ ግን የመጀመሪያው ተናጋሪ አይሁን። አንቺ «እኔ በቀን ከዚህ በላይ ማውጣት አልችልም» ብለሽ ጀምሪለት።

ሞገድ፦

እኔ ስለ ዳይቪንጉና ቱሪስቱ እዚያ ስለሚከራየው ትንሽ ሞተር፣ ስለ ስኩተር፣ ልጨምር፤ ሁለቱም ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ጓደኛሽ የመጀመሪያውን የጠለቃ ኮርስ ስትወስድ ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጅባታል። ሲያልቅ እስከ 18 ሜትር ድረስ መጥለቅ ትችላለች። ከመጀመሯ በፊት የጤና መጠይቅ ትሞላለች። አስም፣ የጆሮ ወይም የልብ ችግር ካለባት የሐኪም ፊርማ ይጠይቋታል። ይህን ከቤቷ ሳትወጣ ጨርሳ ትሂድ። እዚያ ደርሶ ሐኪም ፍለጋ መዞር ቀን ይበላል።

ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ለዚህ ነው የጓዜ ቀላልን መስመር የወደድኩት። ከኮ ላንታ የምትወጡት በጀልባ ነው፤ ሰዓት መቁጠር የለም። ኮ ላንታ ከኮ ታኦ ትንሽ ይወደዳል። በዲሴምበር ግን ውሃው የጠራ ነው። ትምህርት ቤት ስትመርጥ ዋጋ ብቻ አትጠይቅ። አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይይዛል? መጀመሪያ የሚለማመዱት የት ነው? ልብሱንና የአየር መቆጣጠሪያውን በእጇ ነክታ ትይ። ጥያቄ የሚያስቸግረው ቤት ከሆነ ሌላ ቤት ትሂድ።

እሷ ስትማር እናንተ አትቆዝሙ። ከላንታ በቀን ጉዞ ኮ ሙክ ትደርሳላችሁ። እዚያ የኤመራልድ ዋሻ አለ። ጨለማውን በዋና 80 ሜትር ያህል አልፋችሁ ስትወጡ ዙሪያውን በገደል የታጠረ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ላይ ትቆማላችሁ። መዋኘት የማይችል ላይፍ ጃኬት ለብሶ ገመድ ይዞ ይገባል። የፀሐይ ክሬም ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። ታይላንድ ኮራልን የሚጎዱ እንደ ኦክሲቤንዞን ያሉ ኬሚካሎች ያሉበትን ክሬም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በብሔራዊ ፓርኮቿ ከልክላለች።

ስኩተር፦ በየሆስቴሉ እግሩ በፋሻ የተጠቀለለ ልጅ ታያላችሁ። የሞተር መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰው አይንዳ። ኪራይ ቤቱ ፈቃድ ላይጠይቃችሁ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንሱ ግን አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱኑ ነው። ፈቃድ ከሌለ የሆስፒታሉ ሂሳብ በሙሉ የራሳችሁ ነው። ፓስፖርታችሁንም መያዣ ብላችሁ አትስጡ። በገንዘብ መያዣ የሚያከራይ ይገኛል። ስትረከቡ ጭረቱን ሁሉ በቪዲዮ ቅረጹ።

ቀስ በቀስ፦

ጓዜ ቀላል በጻፈው ብዙ እስማማለሁ፤ በአንዱ ግን አልስማማም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ልጆች ገና ከባንኮክ መለያየት የለባቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብራችሁ ሁኑ። መንገድ ማቋረጥ፣ ዋጋ መጠየቅ፣ ድንበር ላይ ወረቀት መሙላት፣ የታመመ ሰው ማስታመም አብራችሁ ተማሩ። ሆድ መታመሙ አይቀርም፤ ያን ቀን ውሃና በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። መለያየቱ ከሉአንግ ፕራባንግ ቢጀምር ይሻላል።

በዚያ ላይ ስትለያዩ ሁለት ሁለት ሁኑ። በተለይ ማታ መጠጥ ባለበት ቦታ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ቫንግ ቪየንግ ውስጥ ስድስት የውጭ አገር ቱሪስቶች ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል በገባበት መጠጥ ሞተዋል። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። በነፃ የሚታደል ሾት፣ በባልዲ የተቀላቀለ መጠጥ፣ ማን እንደቀዳው የማይታወቅ ነገር አይጠጣ። ፊታችሁ የተከፈተ ቢራ ይበቃል። አንዳችሁ ዓይኑ ከደበዘዘበት ወይም ስካሩ ከጠጣው በላይ ከሆነ፣ ይተኛና ይለፍለት አትበሉ። የዚያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ባሕር ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም ለልጆቹ አነበብኩላቸው። የአክስቴ ልጅ ኩርፊያው ለቀቀው፤ ዳይቪንግ ፈላጊዋም ስለ ኮ ላንታ ስታነብ አደረች። ጓዜ ቀላል እንዳለው ስለ ገንዘብ እኔ ቀድሜ ተናገርኩ። ያ ዝምተኛው ልጅ ወዲያው «እኔም ልክ እንደ አንቺ ነኝ» አለ። ፊቱ ሲፈታ አየሁት።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። የጋራ ወጪ እንዴት እንያዝ? በየቀኑ ሂሳብ መተሳሰብ ያስጠላል። አንኮር ስንት ቀን ይበቃል? ለሁለታችን ሴቶች ደግሞ ሆስቴል ላይ ምን እንጠንቀቅ?

ጓዜ ቀላል፦

ጎሽ! ከባዱን ጨርሰሽዋል።

ገንዘቡን እንዲህ አድርጉ። አንድ አገር ስትገቡ አራታችሁም እኩል አዋጡና በአንድ ትንሽ ቦርሳ አኑሩ። ያዡ በየአገሩ ይቀያየር። ከዚያ ቦርሳ የሚወጣው ለመኝታ፣ ለጋራ ትራንስፖርት፣ ለውሃና አብራችሁ ለምትበሉት ብቻ ነው። ዳይቪንግ፣ ቢራ፣ ስጦታ፣ ተጨማሪ የአንኮር ቀን ከየራስ ኪስ ነው። ቦርሳው ሲጎድል እንደገና እኩል ታዋጣላችሁ። ማን ምን ያህል በላ ተብሎ አይቆጠርም። ብር የሚያወጣውም ያ ያዥ ይሁን። ታይላንድ ውስጥ ኤቲኤም በውጭ ካርድ ባወጣችሁ ቁጥር ከ200 ባት በላይ ይቆርጣል፤ አራት ሰው አራት ጊዜ ከሚያወጣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያውጣ። የላኦስን ኪፕ ከአገሩ ሳትወጡ ጨርሱት፤ ውጭ የሚመነዝርላችሁ አታገኙም። ካምቦዲያ በዶላር መክፈል ይቻላል፤ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ግን አይቀበሏችሁም። ቬትናም ውስጥ 20,000 እና 500,000 ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ማታ ታክሲ ውስጥ በስልክ መብራት አይታችሁ ክፈሉ።

አንኮር፦ የአንድ ቀን መግቢያ 37 ዶላር፣ የሦስት ቀን 62፣ የሰባት ቀን 72 ነው። የሦስቱን ቀን በተከታታይ መጠቀም ግዴታ አይደለም፤ በአሥር ቀን ውስጥ ከተፈለገው ሦስት ቀን መምረጥ ይቻላል። የአክስትሽ ልጅ የሦስቱን ይያዝ። እናንተ አንዱን ቀን ከእሱ ጋር ዋሉ፤ ሌላውን እሱ ብቻውን ከድንጋዮቹ ጋር ይሁን። ለዚህ ነው ሲየም ሪፕን ቋጠሮ ያልኳት። ትኬቱን ከአመሻሹ 11 ሰዓት በኋላ ለነገ ብላችሁ ከገዛችሁ የዚያኑ ዕለት የፀሐይ መጥለቂያን ማየት ይፈቀዳል። ጠዋት ለመውጫዋ አንኮር ዋት ሂዱ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሱርያቫርማን ዳግማዊ ያሠራው ነው። ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለዞረ ፀሐይዋ ከማማዎቹ ጀርባ ነው የምትወጣው። ሁሉም ሰው ኩሬው ጋ ሲጋፋ እናንተ ገባ በሉና በግድግዳው ላይ ያሉትን ረጃጅም ቅርጾች በጠዋቱ ብርሃን እዩ። ወታደሮች፣ ዝሆኖች፣ አሳዎች አንድ በአንድ ተቀርጸዋል። ሰው እዚያ ሳይደርስ ዝምታው አንጀት ያርሳል። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይኑራችሁ፤ ያለዚያ ወደ ላይኛው ፎቅ አያስወጡም። ፕኖም ፔን ላይ ቱል ስሌንግን አትለፉት። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 ካምቦዲያን በገዛው በጨካኙ የክመር ሩዥ ቡድን ዘመን ትምህርት ቤት ወደ እስር ቤትነት የተለወጠበት ቦታ ነው። ከዚያ በወጣችሁበት ቀን ሌላ ፕሮግራም አታስገቡ።

ሆስቴል፦ የሴቶች ብቻ ዶርም በብዙ ቦታ አለ። የራሳችሁን ቁልፍ ያዙ፤ ሎከሩ ይኖራል፣ ቁልፉ ግን ላይኖር ይችላል። ቦታ ከመያዛችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አስሉ። አራት ሰው ስትሆኑ አንዳንዴ ባለአራት አልጋ ክፍል ለብቻ መያዝ አራት የዶርም አልጋ ከመከራየት ይረክሳል። የራሳችሁ በር ይኖራችኋል። ከረጅም ጉዞ በኋላ እሱን ምረጡ፤ ሰው መተዋወቅ ስትፈልጉ ወደ ዶርም ተመለሱ።

ወረቀት፦ ቬትናም ኢ-ቪዛ ላይ የምትገቡበትን በር ትመርጣላችሁ። በሰማይ ብላችሁ ሞልታችሁ በየብስ አትምጡ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ የመግቢያ ካርዱን በኢንተርኔት አድርጋለች። ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል፣ ነፃ ነው። ክፈሉ የሚል ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ የመንግሥት አይደለም። ሁለት ጊዜ ስለምትገቡ ሁለት ጊዜ ትሞሉታላችሁ።

ባሕር ማዶ፦

ቀጠሮው ቦታ ላይ አንዱ ባይመጣስ? ጀልባ ቢሰረዝ፣ ስልኩ ቢዘጋ?

ጓዜ ቀላል፦

ሁለት ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ካልመጣ በማግሥቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እዚያው ቦታ። የሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ የሚቀጥለው ማረፊያ ስምና አድራሻ በወረቀት፣ በአገሩ ፊደል ጭምር ተጽፎ ይኑር። የሆስቴል ሠራተኞች ይጽፉላችኋል። በማግሥቱም ካልመጣ ያረፈበት ሆስቴል ደውሉ፤ በመጨረሻ ያየው ሰው እዚያ ነው ያለው። ከኮ ሊፔ ወደ ላንካዊ ስትሻገሩ ግን አራታችሁም አንድ ጀልባ ላይ ሁኑ። የታይላንድ መውጫ ማህተሙ የሚመታው እዚያው ኮ ሊፔ ላይ ነው፤ ጀልባውም በደረቁ ወቅት ብቻ የሚሠራ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ የሚሄድ ነው።

የሐዲድ ወዳጅ፦

ከላንካዊ ወዲያ ያለውን እኔ ልጨርሰው። በፌሪ ወደ ኩዋላ ከዳህ ትሻገራላችሁ። ከዚያ ቅርብ ካለችው አሎር ሴታር በባቡር በተርወርዝ ወደምትባለው ከተማ ትወርዳላችሁ። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ፌሪ ጆርጅ ታውን ያደርሳችኋል፤ ዋጋው ለኪስ አይሰማም። ከበተርወርዝ ወደ ኩዋላ ላምፑር ኢቲኤስ የሚባለው ፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። የገና ሰሞን ወንበሩ ቶሎ ያልቃል። ይህን አንዱን ቲኬት ቀኑ እንደታወቀ ቁረጡት፤ ሌላውን መንገድ ላይ ሆናችሁ ታደርሱበታላችሁ።